ልጆቻችንን በመንግሥቱ ወርቁ ጫማ አትለኩብን

ሙግቱን የሰማሁት ቢቸና ነው፤ በ2013 ዓ.ም. በወርኃ ግንቦት። የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታ በዲኤስቲቪ መተላለፍ የጀመረው በዚያው ዓመት ስለነበር፣ ዲሽ የሰቀለ ቡና ቤት ሁሉ ወንበር አይበቃውም። የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር ኳስ በነካ ቁጥር ጎረምሶቹ ከመቀመጫቸው ብድግ ይላሉ። ጥግ ይዘው የተቀመጡ አንድ አዛውንት ግን ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ እያደረጉ፣

«እናንተ ደግሞ በትንሹ ትጮኻላችሁ። መንግሥቱ ወርቁን ሳታዩ!» አሉ።

«ጋሼ፣ አንቱስ አይተውታል?» አለ አንዱ ጎረምሳ።

«በሬዲዮ ሰምቸዋለሁ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ከሳቂዎቹ አንዱ ነበርሁ። ማታ ተኝቼ ሳስበው ግን ሳቄ አፈርሁበት። አዛውንቱስ ቢያንስ በጊዜው በሬዲዮ ሰምተዋል፤ እኔ የሰማሁት ከሰሚ ነው። ይህም ሆኖ ዕድሜ ልኬን ያየሁትን ኳስ ተጫዋች ሁሉ በመንግሥቱ ወርቁ ስለካ ኖሬያለሁ። ለመሆኑ የማያውቀውን ሚዛን ይዞ ገበያ የሚወጣ ነጋዴ ምን ይባላል? ሌባ ባይባል እንኳ፣ እህሌን ስፈርልኝ ብሎ የሚጠጋው የለም።

የምጣላው ከሁለቱም ወገን ጋር ነው። ከጎረምሶቹም ከአዛውንቶቹም። ይበልጡን ግን ከአዛውንቶቹ፤ እኔም ወደዚያው ነኝና።

በቅድሚያ የመንግሥቱን ለመንግሥቱ እንስጥ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ኢትዮጵያ በግብፅ ሁለት ጊዜ ተመርታ ሁለት ጊዜም አቻ ሆነች። በተጨማሪው ሰዓት 4 ለ 2 ስታሸንፍ አራተኛዋን ግብ ያስቆጠረው የቅዱስ ጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ ነበር። በዚያ ውድድር 3 ግብ አግብቶ ከግብፁ ባዳዊ ጋር ኮከብ ግብ አግቢነቱን ተጋርቷል። በአፍሪካ ዋንጫ ያስቆጠራቸው ግቦች በጠቅላላው 10 ደርሰዋል። ይህ ከማንም ምስጋና የማይለምን፣ በራሱ የቆመ ታሪክ ነው።

ነገር ግን ታሪኩን የምናወራ ሰዎች ግማሹን ትተን ነው የምናወራው። በዚያ ዋንጫ የተካፈሉት አራት አገሮች ብቻ ነበሩ፤ ዋንጫውን ለመውሰድ ሁለት ጨዋታ ማሸነፍ በቂ ነበር። መንግሥቱም ብቻውን አልነበረም። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር፤ በፍጻሜው ሁለት ግብ ያገባው ወንድሙ ኢታሎ ነበር፤ ሌላዋ የተክሌ ኪዳኔ ነበረች፤ ከሁሉም በላይ ቡድኑን ያደራጀው ይድነቃቸው ተሰማ ነበር። ይህን የምለው መንግሥቱን ለማሳነስ አይደለም። እኛ ግን አንድ ሙሉ ቡድን፣ አንድ ሙሉ ዘመን፣ ከነሙሉ ናፍቆታችን በአንድ ሰው ስም ጠቅልለን እናስርና፣ ያን የሚያህል ሸክም የሃያ ዓመት ልጅ ጫንቃ ላይ እንጥላለን። ከዚያ ልጁ ሲንገዳገድ «አላልናችሁም!» እንላለን።

ወደ ጎረምሶቹ ልሻገር። የእነሱ ሚዛን ቁጥር ነው። ዮርዳኖስ ዓባይ ለመብራት ኃይል ሲጫወት በ1993 ዓ.ም. በአንድ የውድድር ዘመን 24 ግብ አገባ። ጌታነህ ከበደ በደደቢት ማሊያ በ2009 ዓ.ም. 25 አደረሰው። አቡበከር በ2013 ዓ.ም. በ21 ዓመቱ 29 አስቆጠረና ሁሉንም ጥሏቸው ሄደ። «እንግዲህ ማን ይበልጣል?» ይላሉ ጎረምሶቹ፤ ሒሳቡ ያለቀ ይመስላቸዋል። አላለቀም። የአቡበከሩ ዓመት ሊጉ 13 ክለቦች ብቻ የነበሩበት ነው፤ በጌታነህ ዘመን 16 ነበሩ። በቁጥር ከሄድን አቡበከር ባነሰ ጨዋታ የበለጠ አግብቷልና ክብሩ ይጨምራል። በሌላ በኩል ደግሞ ያ ዓመት የትግራይ ክለቦች በጦርነቱ ምክንያት ያልተካፈሉበት ዓመት ነው። የሌሉ ተከላካዮች ምን ያህል ግብ ያድኑ እንደነበር የሚቆጥር ሒሳብ ከየት ይመጣል? ቁጥር ይመሰክራል እንጂ አይፈርድም።

ከዚያ የሆነው የታወቀ ነው። አቡበከር በ2014 ዓ.ም. ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ፈረመ፤ እዚያም ጉዳት ተደራርቦ ከሜዳ አራቀው። ይኼኔ የአዛውንቶቹ ወገን ደስታ አልደብቅ አለ። «ድሮም አልነበረም!» ያለውን ሰው ብዛት እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በሕመም የታሪክ ክርክር እንደሚረታ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። በአንድ ልጅ መታመም ያለፈውን ዘመን ታላቅነት የሚያረጋግጥ ሰው ያለፈውን ዘመን ይወዳል ልትሉኝ ነው? እኔ ግን ሕያውን ይፈራል እላለሁ።

«ያለ ንጽጽር ደረጃ የለም፤ ትልቁን ካላሳዩት ትንሹ በምን ያድጋል?» የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። ለዚህ መልሱን ሩቅ አገር አልሄድበትም፤ ከቢቸና ብዙ የማይርቀው ዲማ ጊዮርጊስ ያውቀዋል። በቅኔ ቤት ተማሪው የመምህሩን ቅኔ ይሰማል፣ መንገዱን ያጠናል፣ ምሥጢሩን ይመረምራል። ይህ ሁሉ ሆኖ በራሱ ተራ ሲቆም የመምህሩን ቅኔ ደግሞ ቢያሰማ ግን ያሳፍረዋል እንጂ አያስመሰግነውም። ቅኔ በየዕለቱ አዲስ ነው፤ የትናንቱ ለዛሬ አይሆንም። ያማረ ሲቀርብ አድማጩ «ይበል!» ይላል እንጂ «የእገሌን አያህልም» ብሎ አፉን አያስይዘውም። ትልቁን ማሳየት ማለት ይኼ ነው። እኛ ግን ቅኔን ያህል ነገር በዚህ ሥርዓት ያሳደገ አገር ልጆች ሆነን፣ ሜዳ ስንወርድ ልጆቻችን የሌላ ሰው ቅኔ እንዲደግሙልን እንጠብቃለን።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ፤ ያለ እርሱ ይህን ጽሑፍ አልጽፈውም ነበር።

የጥኖራን የምታውቁ ታውቋታላችሁ፤ በደርግ ዘመን በገበሬዎች አምራች ማኅበርዋ ስሟ የተጠራ፣ ሌላው ገበሬ «እንደ የጥኖራ ሁኑ» ሲባልባት የነበረች ናት። ሞዴል መሆንን ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም ለማለት ያህል ነው። በዚያች ቀበሌ አንድ ልጅ ነበር። ጨርቅ ኳስ ይዞ ሦስት ሰው አልፎ አራተኛውን የሚጠብቅ ልጅ። «መንግሥቱ ወርቁ» ብዬ ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ስሙ ጸደቀለት፤ እናቱ ሳይቀሩ ይጠሩት ጀመር። አንድ ቀን በአይሱዙ ተጭነን በቢቸና በኩል ሞጣ ለውድድር ሄድን። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ፍጹም ቅጣት ምት አገኘን፤ ልጁ መታው፤ ኳሱ ከአግዳሚው በላይ ሄደ። ተሸንፈን ስንመለስ፣ መኪናው ላይ ሁሉም ዝም ባለበት፣ እኔ አፌን ከፍቼ «መንግሥቱ ቢሆን አይስታትም ነበር» አልሁ።

መንግሥቱ ወርቁ ፍጹም ቅጣት ምት ሲመታ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም።

ልጁ አንገቱን ደፍቶ አመሸ። በሳምንቱ ሜዳ አልመጣም፤ በወሩም አልመጣም። ጫማውን ለታናሽ ወንድሙ እንደሰጠው ሰማሁ። ትልቅ ተጫዋች ይወጣው ነበር አልልም፤ እንደዚያ ካልሁ እንደገና መለካቴ ነው። የሚጫወት ልጅ ነበር፤ መጫወት አቆመ። ጥፋቴ ይኼን ታህል ናት፤ ለእኔ ግን አላነሰችም።

እንግዲህ ምን ይሁን? መንግሥቱን እንርሳው? በፍጹም! መንግሥቱን የምንወድ ከሆነ በወግ ሳይሆን በጽሑፍ እናኑረው። አብረውት የተጫወቱት፣ ሜዳ ገብተው ያዩት እየሄዱብን ነው፤ እርሱም በ2003 ዓ.ም. አርፏል። አያቶቻችሁን ጠይቁ፤ ምን ዓይነት ጫማ ነበር፣ ሜዳው ምን ይመስል ነበር፣ ኳሱ ሲርስ ምን ያህል ይከብድ ነበር፣ ብላችሁ ጻፉ። ይህ ሲሆን መንግሥቱ ሰው ይሆናል፤ ሰው ሲሆን ልጆቻችን ሳይፈሩት ይማሩበታል። አሁን ባለበት ሁኔታ ግን ጣዖት አድርገነዋል፤ ጣዖት ደግሞ መሥዋዕት እንጂ ተማሪ አይቀበልም።

ወጣቱን ደግሞ በራሱ እንለካው፤ አምና ግራ እግሩ አይሠራ የነበረው ዘንድሮ ሠርቷል ወይ? ኳስ ያቀብላል ወይ? ተጎድቶ ሲመለስ ጠብቀነዋል ወይ? የመጨረሻው ጥያቄ የእኛ ፈተና ነው እንጂ የእሱ አይደለም።

የቢቸናው አዛውንት ይህን ቢሰሙ እንደሚቆጡኝ አውቃለሁ። ይቆጡኝ። እኔ ግን ከእንግዲህ አንድ ልጅ ሦስት ሰው አልፎ አራተኛውን ሲጠብቅ ባይ፣ የማንንም ስም አልጠራበትም። ስሙን እጠይቀውና «ይበል!» እለዋለሁ።