አጭሩ ማገናኛ መንገድ ለገበሬውም ይገናኝ

በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ወደ 80 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ርዝመት አለው። በየአቅጣጫው ሦስት ሦስት መስመር ያለው ይህ መንገድ ሙሉ ጥቅም የሚሰጠው ግን ጫፎቹ ላይ ባሉት አጫጭር ማገናኛዎች ነው። ቱሉ ዲምቱ ላይ አንዱ ክንድ ወደ ቃሊቲ ቀለበት መንገድ፣ ሌላው ወደ ጎሮ ይዘልቃል። ሞጆ ላይ ደግሞ ወደ መቂ፣ ባቱና ሐዋሳ የሚያመራው የፍጥነት መንገድ ይገጥመዋል።

ቲማቲምና ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ በሰፊው መንገድ ፈጥኖ መጥቶ ከተማው በር ላይ ተሰልፎ ከዋለ፣ በመንገድ ያተረፈውን ሰዓት እዚያው ያጣዋል። ቲማቲም ደግሞ ፀሐይ ላይ ሰልፍ አይጠብቅም። የአዲስ አበባው አትክልት ተራ ከፒያሳ ወደ ሃይሌ ጋርመንት አካባቢ ከተዛወረ ወዲህ፣ ከቱሉ ዲምቱ ቃሊቲ ያለው መገናኛ ለአምራቹ ያለው ትርጉም ይበልጥ ጨምሯል። የጭነት መኪናው መሀል ከተማ ሳይገባ ገበያው አጠገብ ይደርሳልና። ስለዚህ የማገናኛ መንገድ ጉዳይ የከተማ ትራፊክ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም፤ የግብርና ጉዳይም ነው።

ይሁን እንጂ መንገዱ በአጠገቡ ስላለፈ ብቻ ገበሬው ተጠቃሚ ሆነ ማለት አይደለም። የፍጥነት መንገድ አጥር አለው፤ መግቢያና መውጫውም የተወሰነ ነው። እግረኛ፣ ጋሪና ከብት አይገቡበትም። ማሳው ከአጥሩ ሥር ሆኖ ምርቱን ለመጫን ግን ረጅም የጭቃ መንገድ የሚዞር ገበሬ፣ ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ» ይሆንበታል። በመሆኑም የሎሜ፣ የቦራ፣ የዱግዳና የመሰሎቻቸው ወረዳዎች አመራሮች ሊጠይቁት የሚገባው የመጀመሪያው ጥያቄ «ከቀበሌያችን እስከ መግቢያው ያለው መንገድ በክረምት ያስኬዳል ወይ?» የሚለው ነው። ቀበሌዎችን ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት በተነደፈው የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም የተሠሩ መንገዶችም ዝናብ ሳይገባ ሊጠገኑ፣ ቱቦዎቻቸውም ሊጠረጉ ይገባል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ መሬት ነው። የማገናኛ መንገድ ርዝመቱ ቢያንስም መጠምዘዣዎቹና ማሳለጫዎቹ ሰፊ ቦታ ይወስዳሉ። ያ ቦታ ደግሞ ከከተማ አቅራቢያ ያለ፣ ጤፍና ሽምብራ የሚታፈስበት ማሳ ነው። በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 455/1997 መሠረት በቋሚነት የሚፈናቀል ባለይዞታ የሚያገኘው ካሣ ያለፉት 5 ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 ተባዝቶ ይሰላ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ሲወጣ ስሌቱ ባለፉት 3 ዓመታት ከተገኘው ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ ተነስቶ በ15 እንዲባዛ ተደርጓል። የሕጉ መሻሻል ግን የሚለካው ገበሬው እጅ በገባው ገንዘብና ገንዘቡ በገባበት ጊዜ ነው። ሲዘገይ የኑሮ ውድነት ይበላዋል። ስለሆነም ልኬታና ግምት ገበሬው ባለበት ይካሄድ፤ ካሣው ግሬደር ማሳ ከመግባቱ በፊት ይከፈል፤ ሊደርስ የተቃረበ ሰብልም እስኪሰበሰብ ይጠበቅ። ገበሬውም የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩንና የየዓመቱን ምርት መዝገብ በእጁ ይያዝ፤ ቅሬታ ካለው ቀነ ገደቡ ሳያልፍ በጽሑፍ ያቅርብ።

ሦስተኛው፣ ንድፉ ወረቀት ላይ እያለ የሚነሳ ጥያቄ ነው። ከብት ወደ ውኃና ግጦሽ በየት በኩል ይሻገራል? ከመንገዱ የሚወርደው ጎርፍ በማን ማሳ ላይ ይለቀቃል? አፈርና ጠጠር የተዛቀበት ጉድጓድ ማን ይደፍነዋል? እነዚህ አስፋልቱ ከፈሰሰ በኋላ ቢነሱ መፍትሔያቸው ውድ ነው። ወረዳው መሐንዲሶቹን ከቀበሌው ሽማግሌዎች ጋር አስቀድሞ በየቦታው ሊያዞራቸው ይገባል።

የመንገዱ ክፍያም ሊታሰብበት ይገባል። ክፍያው በተሽከርካሪው ዓይነትና በርቀቱ የሚተመን ነው፤ ነጋዴው ደግሞ ወጪውን ማሳ ላይ ከሚሰጠው ዋጋ ላይ መቀነሱ አይቀርም። ለብቻው ጥቂት ሣጥን ይዞ የሚቆም ገበሬ ለመደራደር አቅም ያንሰዋል። እንደ መቂ ባቱ የአትክልትና ፍራፍሬ አምራቾች ዩኒየን ባሉ ማኅበራት ተደራጅቶ ሙሉ መኪና የሚጭን ግን ወጪውን ይከፋፈላል፤ ዋጋም ይጠይቃል። የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤቶች በመግቢያዎቹ አቅራቢያ ጥላ ያለው የምርት መሰብሰቢያ ቢያዘጋጁ ድካሙ ይቀላል።

ሁለት አውራ ጎዳናዎችን ማገናኘት የመሐንዲሶች ሥራ ነው። ማሳን ከጎዳናው ማገናኘት ግን የወረዳው አመራርና የገበሬው የጋራ ሥራ ነው። የመንገድ ዕቅድ ያለባቸው ወረዳዎች ይህንን ሥራ ግንባታው ሳይጀመር በዕቅዳቸው ሊያካትቱት ይገባል።