ደሙ ከሕመምተኛው አጠገብ ይለካ

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ውርጌሳ፣ እንደ መርሳና እንደ ጊራና ሸለቆ ሁሉ፣ ወባ የሚመላለስባት የሐብሩ ወረዳ ቆላ ናት። ክረምቱ ሲወጣ ትኩሳት የያዘው ሰው ይበዛል። ጤና ጣቢያ ሲደርስ ጣቱ ተወግቶ ደም ይወሰዳል፤ ደሙም የሚጠየቀው ተውሳኩ አለበት ወይስ የለበትም የሚለውን ነው። ጥያቄው ሕይወት ያድናል። እኔ ግን ሁለተኛ ጥያቄ እንዲጨመርበት እከራከራለሁ፦ የደም ሕዋሱ ምን ያህል ይተጣጠፋል፣ ሽፋኑስ ምን ያህል ተወጥሯል?

ጤናማ ቀይ የደም ሕዋስ 8 ማይክሮን ገደማ ይሰፋል። ከራሱ በጠበቡ የደም ስሮች ተጣጥፎ ያልፋል፤ ጣፊያ ውስጥም እጅግ በጠበቡ ስንጥቆች ይሾልካል። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተውሳክ ሲገባበት ግን ይጠጥራል፣ ከስሩ ግድግዳም ይጣበቃል። ጣፊያ የጠጠረውን ሕዋስ ያስቀረዋል፤ በወባ ወቅት የሚያብጥበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። የቀድሞ ሐኪሞች የአንድን አካባቢ ወባ የሚመዝኑት የልጆችን ጣፊያ በእጃቸው እየዳሰሱ ነበር። የሕዋስ መጠጠር ያስከተለውን እብጠት በጣታቸው ይለኩ ነበር ማለት ነው።

ሕዋሱ ደግሞ ጫና ሲያርፍበት ያውቃል፣ ይመልሳልም። አርደም ፓታፑቲያንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 ፒዬዞ1 የተባለውን ፕሮቲን አገኙ፤ ፓታፑቲያን በ2021 የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። ሽፋኑ ሲወጠር ይህ ፕሮቲን ተከፍቶ ካልሲየም ያስገባል፤ ቀይ የደም ሕዋስ ከሆነ ፖታሲየምና ውሃ ይወጡና ሕዋሱ ይሟጠጣል። በ2018 የወጣ ጥናት ፒዬዞ1 ከልክ በላይ የሚሠራባቸው አይጦች ከአንጎል ወባ እንደሚጠበቁ አሳይቷል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳምነኝ ማስረጃ ግን የመጣው ከጎረቤታችን ከኬንያ፣ ከኪሊፊ ነው። እዚያ ዳንቱ የተባለ የደም ዓይነት ያላቸው ልጆች ከከባድ ወባ በተሻለ ይጠበቃሉ። በ2020 ኔቸር መጽሔት ላይ የታተመው ጥናት ምክንያቱን አገኘው፦ የዳንቱ ሕዋስ ሽፋን ይበልጥ የተወጠረ ነው፤ ውጥረቱ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ተውሳኩ መግባት ያቅተዋል። ተመራማሪዎቹ ውጥረቱን የለኩት ሕዋሱን ሳይነኩ ነው። የሽፋኑን ርግብግቢት በማይክሮስኮፕና በፈጣን ካሜራ ቀርጸው በኮምፒውተር ተነተኑት። ልል ሽፋን በሰፊው ይርገበገባል፤ የተወጠረው በጥቂቱ።

ይህ ውጤት እንዳለ ለሐብሩ አይሆንም። ዳንቱ ከኬንያ የባሕር ዳርቻ ርቆ ብዙም አይገኝም። በአገራችን ደግሞ ከፋልሲፓረም ጋር ቫይቫክስ የተባለው ሌላ የወባ ተውሳክም ተስፋፍቷል፤ ቫይቫክስ የሚመርጠው ገና የተወለዱ ወጣት ሕዋሳትን ሲሆን የያዛቸውን ሕዋሳት እንደ ፋልሲፓረም አያጠጥርም። ስለዚህ ልኬቱ የጤና ጣቢያውን ምርመራ አይተካም። የሚነግረን ሌላ ነገር ነው፦ በአንድ መንደር፣ በአንድ ወባ፣ አንዱ ልጅ በጽኑ ሲታመም ሌላው ለምን በቀላሉ እንደሚያልፍለት።

ከአጎበርና ከመድኃኒት የተረፈ ገንዘብ የት አለ የሚል ይኖራል። ስጋቱ ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 በኢትዮጵያ የተነሳው ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150,000 ያህሉን እንደገደለ ይገመታል። አጎበርም መድኃኒትም ይቅደሙ። ካሜራ የተገጠመለት ማይክሮስኮፕና ኮምፒውተር ግን ለአንድ ዩኒቨርሲቲ የማይደረስባቸው አይደሉም።

ልኬቱ እዚሁ ይሁን የምልበት ዋናው ምክንያቴ የደሙ ጠባይ ነው። ዘረመልን በወረቀት ላይ በደረቀ የደም ጠብታ ወደ ውጭ አገር ልኮ ማስነበብ ይቻላል። ውጥረት ግን በደረቀ ደም ውስጥ አይቀመጥም፤ ደሙ በቆየ ቁጥር ሕዋሱ ይለወጣል፣ ልኬቱም ይዛባል። የሐብሩ ልጅ ደም በትክክል ሊለካ የሚችለው ትኩስ እንደሆነ፣ በቅርብ ነው። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ደሴ ላይም ወሎ ዩኒቨርሲቲ። ይህን ሥራ ከሩቅ የሚሠራልን ስለሌለ፣ ባለሙያውን ማሠልጠንና መሣሪያውን ማቆም የእነዚህ ተቋማት ድርሻ ሊሆን ይገባል።