በልካችን የተሰፋ ውሸት

እ.ኤ.አ. በ2014 ዓመቱ ሊያልቅ ሲል፣ በምስጋና በዓል ማግሥት፣ አሜሪካ ፔንስልቬንያ ውስጥ በአንድ ትልቅ የገበያ አዳራሽ አንድ ሰው የወታደር ልብሱን ግጥም አድርጎ ለብሶ ቆሟል። ተራ ልብስ የለበሰ ሌላ ሰው የእጅ ስልኩን ደግኖ እየቀረጸ ይጠጋዋል። ይህን ምልክት የት አገኘኸው? የየትኛው ጦር አባል ነህ? ባንዲራህ ለምን ከቦታው ዝቅ ብሎ ተሰፋ? እያለ ያጣድፈዋል። የተጠየቀው ይንተባተባል። ጠያቂው በመጨረሻ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ገበያተኛው እየሰማ፣ ሰውየው ሐሰተኛ ወታደር መሆኑን ይናገራል። ቪዲዮው በጥቂት ቀናት ውስጥ ለሚሊዮኖች ተዳረሰ። ለእኔም ደርሶኝ «እሰይ፣ ይበለው!» ብዬ ለወዳጆቼ አስተላልፌዋለሁ። ደጋግሜ ሳስበው ግን ያ ደስታ እየጎረበጠኝ ሄደ። ይህን የምጽፈው የጎረበጠኝ ምን እንደሆነ ስለገባኝ ነው።

አሜሪካውያን ነገሩን «የተሰረቀ ጀግንነት» ይሉታል። ሳይዘምት ዘመትኩ የሚል፣ ሳይሸለም ደረቱን በኒሻን የሚሞላ ሰው ሌባ ነው ማለታቸው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው እያደኑ ማጋለጥ፣ ፊቱን ቀርጾ ለዓለም መበተን ለብዙዎች የአገር ፍቅር ማሳያ ሆኗል። ሙግታቸው አጭር ነው፦ ኒሻን የደም ዋጋ ነው፤ ዋጋውን ሳይከፍል የሚያጠልቀው ሙታንን ይዘርፋል፤ ስለዚህ በአደባባይ ቢዋረድ ሲያንሰው ነው። ቪዲዮዎቹን የሚያየው ያገሬ ሰውም፣ እዚህ ያለውም ሆነ በአሜሪካ የሚኖረው፣ አብሮ ሲፈርድ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ።

የሙግቱ መነሻ እውነት ነው። መድረሻው ግን ስቷል። ሐሰተኛውን አዋርደን የእውነተኛውን ክብር የመለስን ይመስለናል፤ የምናተርፈው ግን ውሸቱ ከየት እንደተወለደ አለማየትን ነው። ውሸቱ የተሰፋው በእኛ ልክ ነው። ለኪዎቹ እኛ ነን።

በቅድሚያ ሁለት ነገሮችን እንለይ። ሮድ አይላንድ ውስጥ በቀድሞ ወታደሮች የመንግሥት ሕክምና አገልግሎት ውስጥ በማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛነት ተቀጥራ የነበረች አንዲት ሴት፣ በሥራዋ ያገኘችውን የእውነተኛ ወታደሮች መረጃ ተጠቅማ፣ ኢራቅ ውስጥ የቆሰልኩ፣ ካንሰርም የያዘኝ የማሪን ጦር አባል ነኝ ብላ ኖረች። ከ250,000 ዶላር በላይ እርዳታና ጥቅም ሰበሰበች። በ2023 የ70 ወራት እስራት ተፈረደባት። ይህ ማጭበርበር ነው። ለታመመ ወታደር የተዘረጋ እጅ በመሀል ተነጥቋል፤ ተጎጂው ይታወቃል፣ ጉዳቱም ይቆጠራል። እዚህ ላይ ስልክ የደገነ ሕዝብ አላስፈለገም፤ መርማሪ፣ ዓቃቤ ሕግና ዳኛ በቅተዋል። በእንዲህ ያለው ሰው ላይ የሚሰጥ ፍርድ ቢጠና እንጂ ቢላላ አልወድም።

ሁለተኛው ዓይነት ግን ሌላ ነው። በ2007 ካሊፎርኒያ ውስጥ የአንድ ወረዳ የውኃ ቦርድ ተመራጭ የሆነው ዛቪየር አልቫሬዝ በሕዝብ ስብሰባ ላይ ራሱን ሲያስተዋውቅ፣ በማሪን ጦር 25 ዓመት አገልግያለሁ፣ በ1987 የአገሪቱን ከፍተኛ የጀግና ሽልማት፣ ሜዳል ኦፍ ኦነርን ተቀብያለሁ አለ። አንድ ቀንም ወታደር ሆኖ አያውቅም ነበር። በወቅቱ በሥራ ላይ የነበረው ሕግ ያልተሸለሙትን ተሸለምኩ ማለትን ብቻ፣ ምንም ሳይገኝበት እንኳ፣ ወንጀል ያደርገው ነበር፤ አልቫሬዝም ተከሰሰ። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘልቆ በጁን 2012 ዳኞቹ ስድስት ለሦስት በሆነ ድምፅ ሕጉን ሻሩት። ዳኛ አንቶኒ ኬኔዲ የጻፉት ሐሳብ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። በሰውየው እኮ ሰዎች ቀድመው ነቅተውበታል፣ ጋዜጣ አጋልጦታል፣ አብሮት ቦርድ የተቀመጠ ሰው ሥልጣን ልቀቅ ብሎታል፤ ለውሸት ቃል መድኃኒቱ እውነተኛ ቃል ነው የሚል ነበር። መንግሥት የተሸላሚዎቹን ስም ማንም ሊያየው በሚችል መዝገብ ቢያወጣ ይበቃ እንደነበረም አመለከቱ። የመከላከያ ሚኒስቴሩም በዚያው ዓመት እንዲህ ያለ ገጽ ከፈተ። በ2013 የወጣው አዲስ ሕግ ደግሞ የሚቀጣው ገንዘብን ወይም ሌላ የሚጨበጥ ጥቅምን ለማግኘት ብሎ ጀግና ነኝ ያለውን ብቻ ሆነ።

የሕጉ ጥያቄ በዚህ ተዘጋ። የሰዎች ቁጣ ግን አልበረደም፤ ዳኛው የለቀቀውን እኛ እንቅጣው በሚል መንፈስ አደኑ ቀጠለ። አባቶቻችን «ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» ይላሉ። የአልቫሬዝ ውሸት ለመቅለል ጊዜ አልፈጀበትም። ታዲያ ብቻውን የሚቀል ሸክም ላይ ይህን ያህል ጉልበት የምናፈስሰው ለምንድን ነው?

መልሱን ለማግኘት ሐሰተኞቹ ምን እንደሚሉ ልብ ብሎ መስማት ይበቃል። የወጥ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ፣ ጎማ እቀይር ነበር፣ የስንቅ ግምጃ ቤት ቁልፍ ያዥ ነበርኩ ብሎ የሚዋሽ አይሰማም። ሁሉም ኮማንዶ ነው፤ ሁሉም በምሥጢር ተልእኮ ጠላት ወረዳ ገብቶ የወጣ፣ ቆስሎ የተሸለመ ነው። ጦር ሠራዊት ግን በኮማንዶ ብቻ አይቆምም። በቬትናም ጦርነት ካገለገሉት አሜሪካውያን የሚበዙት በማጓጓዝ፣ በጥገና፣ በሕክምና፣ በመገናኛና በስንቅ ሥራ ላይ የነበሩ ናቸው። ፈንጂ በተቀበረበት መንገድ ነዳጅ ጭኖ የሚመላለሰው ሾፌር ሞትን ከብዙዎች በላይ ያውቀዋል። እርሱን ግን ማንም አስመስሎት አይኖርም፤ ለእርሱ የሚያጨበጭብ አልተገኘማ። አስመሳይ ገበያ ያውቃል። እኛ በደረት ላይ የምንፈልገውን አይቶ ያንኑ ይለብሳል።

ይህን ከማንም በተሻለ ያሳዩት የቬትናም ዘማቹ በርኬት ናቸው። በ1998 ከጋዜጠኛ ግሌና ዊትሊ ጋር ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ቬትናም ዘምተናል ሲሉ የነበሩ የብዙ ሰዎችን የአገልግሎት ፋይል ከመንግሥት መዝገብ ቤት በሕግ አስወጥተው ከተናገሩት ጋር አመሳከሩ። ስንቱ የቴሌቪዥን ባለታሪክ ከቃሉ ጋር የማይገጥም ፋይል ተገኘበት። ቁጣቸው በዋሾዎቹ ብቻ አላበቃም፤ የዘማቹን መልክ አስቀድሞ በአእምሮው ስሎ የጨረሰውን የዜና ሰውም ወቅሰዋል። የተፈለገው በገደላቸው ሰዎች ሕልም የሚቃዥ፣ የተጎሳቆለ ወታደር ነበር። ከጦር ሜዳ ተመልሶ ሥራ ይዞ ልጆቹን የሚያሳድገው ታሪክ አልሆነም። ፈላጊ ባለበት አቅራቢ አይጠፋምና ዋሾው ቀርቦ የተፈለገውን ተናገረ።

እውነቱ ተነግሮን እንኳ ውሸቱን አልለቅ የምንልበት ጊዜ አለ። በ1959 ቴክሳስ ውስጥ ዋልተር ዊሊያምስ የተባሉ አረጋዊ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የመጨረሻው ዘማች ተብለው ይከበሩ ነበር። ከመሞታቸው ከጥቂት ወራት በፊት አንድ ጋዜጠኛ መዛግብት አገላብጦ፣ ጦርነቱ ሲጀመር አረጋዊው ገና ሕፃን እንደነበሩ ጻፈ። ይሁንና በዲሴምበር ሲያርፉ በታላቅ ወታደራዊ ሥነ ሥርዓት ተቀበሩ፤ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወርም ብሔራዊ ሐዘን አወጁ። አገሪቱ የመጨረሻውን ወታደር መሸኘት ፈልጋለች፤ የሚሸኝ ሰው ያስፈልጋታል፤ ስለዚህ ማስረጃው ወደ ጎን ተባለ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሽማግሌው ብቻቸውን ዋሽተዋል ማለት አልችልም።

የራሱ ክብር የጎደለው ብቻ የሌላውን ይሰርቃል ብለን እንዳንጽናናም የታሪክ ምሁሩ ጆሴፍ ኤሊስ አሉ። በ2001 የፑሊትዘር ሽልማት ተቀበሉ፤ በዚያው ዓመት ለተማሪዎቻቸው ሲያወሩት የኖሩት የቬትናም ዘመቻቸው ፈጠራ መሆኑ በጋዜጣ ወጣ። ዩኒፎርም ለብሰው ነበር፤ ያገለገሉት ግን በአሜሪካ ምድር፣ በመምህርነት ነው። ለዕጩ መኮንኖች ታሪክ ማስተማር ሊያሳፍር የሚችለው፣ ከተኮሰ በቀር ወታደር አልነበረም ብላ በምታምን አገር ውስጥ ነው።

አሁን የአደኑን ዋጋ ማን እንደሚከፍል እንይ። በጁላይ 1973 ሴንት ሉዊስ አጠገብ የሚገኘው የወታደራዊ መዛግብት ማዕከል ተቃጠለ። ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚገመት የአገልግሎት ፋይል አመድ ሆነ፤ ከ1912 እስከ 1960 ከምድር ጦር ከተሰናበቱት የአብዛኞቹ ፋይል ከዚያ ውስጥ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወይም በኮርያ የቆሰለ ሰው ፋይልህን አሳይ ሲባል የሚያሳየው ላይኖረው ይችላል ማለት ነው። ዕድሜ የተጫነው ዘማች የክፍሉን ቁጥር ይረሳል፤ ኒሻኑን ከቅደም ተከተሉ አዛንፎ ይሰካል። እንዲህ ያሉ እውነተኛ ዘማቾች በአዳኞች ተከበው የተሰደቡባቸው አጋጣሚዎች አሉ። ለአገሩ ቆስሎ በእርጅናው ዘመን መንገድ ላይ ዋሾ መባልን የሚያክል ቁስል ምን አለ?

የአድሚራል ጄረሚ ቦርዳንም ነገር ማንሳት አለብኝ። ከተራ መርከበኛነት ተነስተው የአሜሪካ ባሕር ኃይል የበላይ መኮንን እስከመሆን የደረሱ የመጀመሪያው ሰው ነበሩ። በቬትናም ዘመን በጦር መርከብ ላይ ማገልገላቸውን የሚጠራጠር የለም። ጥያቄው በሁለት ሪባኖች ላይ ስለተሰኩ ጥቃቅን የነሐስ ፊደላት ነበር፤ ፊደላቱንም አንድ ዓመት ግድም አስቀድመው አውልቀዋቸዋል። በሜይ 1996 ጋዜጠኞች ስለዚሁ ሊጠይቋቸው በተቀጠሩበት ቀን ሕይወታቸውን አጠፉ። በሰው ነፍስ ውስጥ የነበረውን ሁሉ አውቃለሁ አልልም። ነገር ግን አንዲት ፊደል ከ40 ዓመት አገልግሎት በላይ የምትመዝንበት ዓለም የተበላሸ ሚዛን እንዳለው አውቃለሁ።

የእኛ የቀድሞ ሥርዓት በዚህ ረገድ የሚያስተምረው ነገር አለው። ከዘመቻ የተመለሰ ጦረኛ በጌታው ፊት ግዳይ ሲጥል፣ «ዘራፍ» ብሎ ሲፎክር፣ አብረውት የዘመቱት እዚያው ቆመው ይሰሙት ነበር። የዚያ ዘመን ጭካኔ ይመለስ የሚል ሰው አይደለሁም። የሥርዓቱ ፍሬ ነገር ግን ይታየኛል፦ ፉከራ ያለ እማኝ ባዶ ነው። ፎካሪው ቢያጋንን የሚታረመው፣ የጎረቤቱን ሥራ ለራሱ ቢያደርግ የሚያፍረው ባልደረቦቹ ፊት ስለቆመ ነው። ዛሬ በገበያ አዳራሽ የሚቆመው ሐሰተኛ የልቡን የሚናገረው ዙሪያውን ያለው ሰው አንድም እውነተኛ ዘማች በስም ስለማያውቅ ነው። እማኝ በጠፋበት ውሸት ይፎክራል።

እማኝ ማጣት ለእውነተኞቹም መከራ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ከጅቡቲ ተነስቶ ወደ ኮርያ ተሻገረ። በተከታታይ የዘመቱት ኢትዮጵያውያን ከ6,000 በላይ ናቸው፤ ከ120 በላይ ሞቱ፣ ከ500 በላይ ቆሰሉ፤ አንድም ምርኮኛ ለጠላት አልሰጡም። ንጉሡ ወርደው ደርግ ሲመጣ ግን ከኮሚኒስቶች ጋር መዋጋታቸው እንደ ነውር ተቆጠረ፤ ኒሻናቸውን ደብቀው፣ አፋቸውን ዘግተው የኖሩ ነበሩ። በ1983 ዓ.ም. ደግሞ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሠራዊት ተበትኖ ብዙው ለልመና ተዳረገ። በየመንገዱ ዳር ክራንች ይዞ የተቀመጠውን ሰው እያየን «ይሄ ወታደር አልነበረም፣ ለማኝ ነው» ተባብለን ስናልፍ ጥርጣሬያችን ጥሩ ምክንያት ሆኖልናል። ሐሰተኛ ይኖር ይሆናል የሚለው ጥርጣሬ ከእውነተኛው ጋር ካለብን ዕዳ አስመለጠን።

ታዲያ ዋሾው ዝም ይባል ወይ? የሚለኝ አይጠፋም። አይባል። ዝምታ ለእውነተኛው ዘማች በደል ነው። ገንዘብ ከወሰደ ይከሰስ። ሥልጣን ሊይዝበት ከዋሸ መዝገቡ ተገልጦ በስሙ ይነገርበት። ከዚህ በመለስ ያለውን ግን፣ በአብዛኛው የተረሳና ማንም ዞር ብሎ ያላየው ብቸኛ ሰው ነውና፣ አንድ የሚያውቀው ሰው ለብቻው ወስዶ «ይህን አውልቅ» ቢለው ይበቃል። የቀረውን ጉልበት ለመዝገቡ እናውለው። የዘማቾች ስም ይታተም፤ በሕይወት ያሉት ሳያልፉ ቃላቸው ይቀዳ፤ ሾፌሩ፣ ወጥ ቤቱ፣ ቁስለኛ ያነሳችው ነርስ ምን እንዳዩ ይጠየቁ። ሥራቸው በታወቀበት አገር አስመሳይ የሚቆምበት ጥላ ያጣል።

ወደ ገበያ አዳራሹ ልመለስ። ስልክ ደግኖ የሚቀርጸው ያ ተራ ልብስ የለበሰ ሰው ራሱ በጦርነት የቆሰለ የቀድሞ ወታደር ነበር። ቁጣው ይገባኛል፤ ጠቤ ከእርሱ ጋር አይደለም፣ ከእኛ ከተመልካቾቹ ጋር ነው። በዚያ ቀን በአዳራሹ ውስጥ እውነተኛው ዘማች እንደማንኛውም ገበያተኛ ማንም ሳያውቀው ይመላለስ ነበር። ሐሰተኛውን ባያጋጥመው ኖሮ ስለእርሱ አንሰማም ነበር። ከሰማንም በኋላ የዋሾውን ፊት እንጂ የእርሱን ቁስል አላስታወስንም። እኔ ቪዲዮውን ለስንት ሰው እንዳስተላለፍኩ አውቃለሁ፤ ያ ሰው የት፣ እንዴት እንደቆሰለ ግን ለመጠየቅ እንኳ አላሰብኩም።