ከብሩ በፊት ኮዱን ላክልኝ

«የሞተር መብራት በርቷል፤ መካኒኩ ሰንሰር ይቀየር ብሏል፤ ቶሎ ብር ላኪ።» እህቶቼ፣ እንዲህ ያለ የድምፅ መልእክት ስንቶቻችን ደርሶናል? ብዙዎቻችን በሰው ቤት ሠርተን ባጠራቀምነው ገንዘብ ለወንድም ወይም ለባል መኪና ገዝተናል። መኪናዋ ስትቆም የቤቱ ገቢ ስለሚቆም ሳንጠይቅ እንልካለን። እኔም እንዲሁ ልኬ ነበር። ወንድሜ ሰንሰሩን ሁለት ጊዜ አስቀየረ፤ መብራቱ ሁለቴም ተመልሶ በራ። በመጨረሻ ሌላ መካኒክ የተሰነጠቀ የአየር ጎማ አገኘ። በትንሽ ጎማ ምክንያት የሁለት ወር ደመወዜ ሄደ።

መካኒኩ ዋሽቷል አልልም። የሳተው የኮዱን ትርጉም ነው። የመኪናው ኮምፒውተር ችግር ሲያይ በቁጥር ይመዘግባል፤ በመሪው ስር ባለው መሰኪያ ላይ ስካነር ሲሰካ ቁጥሩ ይነበባል። ይህን አሠራር አሜሪካ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ፣ የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ለቤንዚን መኪኖች ከ2001 ጀምሮ (እ.ኤ.አ.) ግዴታ አድርገውታል። ነገር ግን ኮዱ የታየውን ምልክት ይናገራል እንጂ የትኛው ዕቃ ይቀየር አይልም። ትኩሳት ያለበት ሰው ወባም፣ ታይፎይድም፣ ጉንፋንም ሊሆን ይችላል፤ ሐኪም ሳይመረምር መድኃኒት አይሰጥም።

የወንድሜ ኮድ ፒ0171 ነበር። ትርጉሙ በሞተሩ ውስጥ አየሩ በዝቷል ወይም ቤንዚኑ አንሷል ማለት ነው። ምክንያቱ የሚያፈስ ጎማ፣ የቆሸሸ የአየር ሰንሰር ወይም የደከመ የነዳጅ ፓምፕ ሊሆን ይችላል። ፒ0301 ደግሞ በአንደኛው ሲሊንደር ቤንዚኑ በትክክል አልተቀጣጠለም ይላል። ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ቦቢና ባለው መኪና፣ ዕቃ ሳይገዛ የሚሠራ ፈተና አለ። የአንደኛውን ቦቢና ከሁለተኛው ጋር አቀያይሮ፣ ኮዱን አጥፍቶ መንዳት ነው። ኮዱ ወደ ፒ0302 ከተቀየረ ጥፋተኛው ቦቢናው ነው። ካልተቀየረ ካንዴላውን በዚያው መንገድ መፈተን ይቻላል።

ከሁሉ የሚያስደነግጠው ፒ0420 ነው፤ የጭስ ማጣሪያው ሥራውን በሚገባ አልሠራም ይላል። ማጣሪያው ፕላቲኒየምና ፓላዲየም ያለበት ስለሆነ ዋጋው ውድ ነው። ሆኖም የጭስ ቱቦው ማፍሰስ ወይም የደከመ ሰንሰርም ይህንኑ ኮድ ሊያመጣ ስለሚችል፣ ማጣሪያው ከመገዛቱ በፊት እነዚህ ይታዩ።

«ወንድሜን ብጠይቀው አላመነችኝም ይላል» የምትሉ አላችሁ። እኔም ፈርቼ ነበር። ነገር ግን ጥያቄው ለእሱም ጋሻ ነው፤ ጋራዥ ውስጥ ብቻውን ቆሞ የሚታለለው እሱ ነውና። ሦስት ነገር ብቻ ጠይቁ፦ የስካነሩን ፎቶ ይላክ፤ ዕቃው መበላሸቱ በምን ተፈትኖ ታወቀ? የወጣው አሮጌ ዕቃስ የት አለ? ለምርመራው ደግሞ ሳታጉረመርሙ ክፈሉ፤ መርምሮ ምክንያቱን የሚያገኝ መካኒክ ድካሙ ዋጋ አለው።

ሁለት ነገር አትርሱ። ኮዱን በስካነር ማጥፋት መጠገን አይደለም፤ ምክንያቱ ካለ መብራቱ ይመለሳል። ጥያቄያችንም ለመንዳት ሰበብ አይሁን። የሞተሩ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ወይም ቀዩ የዘይት መብራት ከበራ፣ ዳር ይዞ ሞተሩን ማጥፋት ነው።

ያ ብር ከእንቅልፋችንና ከጉልበታችን የወጣ ነው። ለእውነተኛ ጥገና ይሂድ፤ ለግምት ግን አይሂድ። በሚቀጥለው ጊዜ ስልኩ ሲጠራ መልሳችን አጭር ይሁን፦ «እሺ ወንድሜ፣ እልካለሁ፤ መጀመሪያ ኮዱን ላክልኝ።»