የአዋሽ አሮጌ ባቡር ጣቢያ ለጎንደር የሚነግረው

በቁስቋም ከፍታ ላይ ሆኖ ጎንደርን ቁልቁል ለሚመለከት ሰው የባቡር ሐዲድ አይታየውም። የደጋው ገብስና ስንዴ፣ የቆላው ሰሊጥም ወደ ገበያ የሚጓዘው በጭነት መኪና ነው። ይሁን እንጂ ከወልድያ ተነሥቶ በወረታ በኩል መተማ የሚደርስ መስመር በሀገሪቱ የባቡር መረብ ዕቅድ ውስጥ ሰፍሮ ቆይቷል። መስመሩ ቢዘረጋ ጣቢያ ለአንድ አካባቢ ምን ያመጣል? ለዚህ ጥያቄ በአፋር ክልል የምትገኘው ትንሿ የአዋሽ ሰባት ኪሎ ከተማ ታሪክ መልስ አለው።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም የባቡር ሥራውን ፈቃድ ለስዊዘርላንዳዊው አማካሪያቸው አልፍሬድ ኢልግ ሰጡ። በ1890 ዓ.ም ከጅቡቲ የተጀመረው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም ድሬዳዋ ደረሰ። መጀመሪያ የታሰበው በሐረር በኩል እንዲያልፍ ነበር። የተራራው አቀበት ወጪውን ስላናረው ግን ቆላውን ይዞ አለፈ፤ በዚህም ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዓሥርት ዓመታት ባቡሩ በሌሊት አይጓዝም ነበር። ከጅቡቲ የተነሣ መንገደኛ አንድ ሌሊት በድሬዳዋ፣ አንድ ሌሊት በአዋሽ ያድር ነበር። አዳሪ ሲኖር አልጋና ምግብ ያስፈልጋል፤ ባቡር ሲቆም ደግሞ ውኃ ቀጂ፣ ጠጋኝና ጫኝ ይፈለጋል። የአዋሽ ከተማም በዚሁ ጣቢያ ዙሪያ አደገች። ከጣቢያው አጠገብ ያለው ቡፌ ዳዋሽ ሆቴል ከዚያ ዘመን የተረፈ ነው። መስመሩ የኀዘን ታሪክም አለው። ጥር 5 ቀን 1977 ዓ.ም በአዋሽ አቅራቢያ ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል በመግባቱ ከ400 በላይ ሰዎች ሞተዋል።

አሮጌው ባቡር ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ መመላለሱን ካቆመ በኋላ በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ መስመር በመስከረም 2009 ዓ.ም ተመረቀ። የአሮጌው ሐዲድ ስፋት አንድ ሜትር፣ የአዲሱ 1 ሜትር ከ43.5 ሳንቲ ሜትር በመሆኑ አዲሱ ባቡር በአሮጌው ሐዲድ መሄድ አይችልም። የአዲስ አበባና የድሬዳዋ አዳዲስ ጣቢያዎችም ከከተሞቹ እምብርት ርቀው ተሠርተዋል። አዋሽን ከመክሰም ያዳናት ወደ ጅቡቲ ወደብ የሚያመራው የመኪና መንገድ በመካከሏ ማለፉ ነው።

ለአማራ ክልል ጉዳዩ ቅርብ ነው። በኮምቦልቻ በኩል ወልድያ አቅራቢያ ሐራ ገበያ የሚደርሰውና 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው መስመር የሚነሣው ከአዋሽ ነው። ግንባታው በ2007 ዓ.ም ቢጀመርም በኃይል አቅርቦት ችግር ተጓትቷል፤ በሰሜኑ ጦርነትም ጉዳት ደርሶበታል። የጎንደርና የመተማ ተስፋ የተንጠለጠለው በዚህ መስመር ላይ ነው። ወልድያ ያልደረሰ ባቡር ወረታን ሊያልፍ አይችልም።

ከአዋሽ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ከተማን የሚያሳድገው በጣቢያው ዙሪያ የሚፈጠረው ሥራ እንጂ የሐዲዱ ማለፍ ብቻ አይደለም። ጣቢያው ከገበያው በራቀ ቁጥር ኩንታሉ ሁለት ጊዜ ይጫናል፣ ሁለት ጊዜ ይራገፋል፤ ወጪውም የሚቀነሰው ከአርሶ አደሩ ገቢ ነው። ስለዚህ የጣቢያው ቦታ፣ የእህል መጋዘኑና ከገጠር ቀበሌዎች የሚያገናኘው መንገድ ሐዲዱ ከተነጠፈ በኋላ ሳይሆን ገና ዕቅዱ በወረቀት ላይ ሳለ ከአርሶ አደሩና ከከተማው ነዋሪ ጋር ሊመከርባቸው ይገባል።