ለስላሳ ይገዛል፤ ቀሪቦ ይጠመቃል

ክቡር ዋና አዘጋጅ ሆይ፤

ስለ አንድ ትንሽ ቃል የተሰማኝን ሐሳብ በአንባብያን አምድ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ነገሩ ስለ መጠጥ ስም ስለ ሆነ «ይህ መምህር ሥራ ቢያጣ ነው» የሚለኝ አይጠፋ ይሆናል። ነገር ግን በዚሁ ቃል ምክንያት አንድ ልጅ ሦስት ሳምንት ያህል በክፍል ውስጥ አፉን ዘግቶ ተቀምጧል። ጥፋቱም የእኔ ስለ ሆነ፣ ሌሎች መምህራንና ወላጆች ከስሕተቴ ይማሩ ዘንድ ጽፌዋለሁ።

እኔ በአራዳ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። አንድ ቀን ተማሪዎቼን «የበዓል ቀን በቤታችን» በሚል ርእስ ድርሰት እንዲጽፉ አዘዝኋቸው። ከጅማ መጥቶ ከአክስቱ ዘንድ የሚኖር አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ስለ ኢድ በዓል የጻፈውን ተነሥቶ ሲያነብ «እናቴ ለእንግዶቹ ቀሪቦ ቀዳችላቸው» አለ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ከኋላ ወንበር አንዱ «ፋራ!» ብሎ ጮኸ። እኔም የሚስቁትን በመገሠጽ ፈንታ ነገሩ ቶሎ እንዲያልፍ ብዬ «ለስላሳ በል» አልሁት። ደብተሩን ሰብስቤ ሳርምም «ቀሪቦ» የሚለውን በቀይ ቀለም ሰርዤ ከበላዩ «ለስላሳ» ብዬ ጻፍሁበት። ልጁ ከዚያ ቀን ጀምሮ እጁን አላነሣም።

በወላጆች ስብሰባ ዕለት አክስቱ ደብተሩን ይዘው መጡ። በቁጣ ሳይሆን በጨዋነት፣ «መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው። ለስላሳ ከሱቅ ይገዛል፤ ቀሪቦ በቤት ይጠመቃል። ታዲያ ልጁ ያልገዛነውን ገዛን ብሎ ይጻፍ?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ። ከዚያም አሠራሩን እንዲህ ብለው አስረዱኝ። ገብሱ እስኪጠቁር ድረስ ይቆላል፤ በፈላ ውሃ ይቀቀላል፤ ተጣርቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ስኳርና እርሾ ይጨመርበታል፤ አድሮ በማግሥቱ ይጠጣል። ጌሾ የሚባል አይገባበትም። የሚያሰክር መጠጥ በማይገባበት ቤት፣ በበዓልና በሠርግ ለእንግዳ የሚቀርብ የክብር መጠጥ ነው። እንግዲህ እኔ በአንዲት የቀይ ቀለም ጭረት የእናቱን ድካም ሰርዤ በምትኩ የፋብሪካ ጠርሙስ አስቀምጬበት ኖሯል።

ይልቁንም የሚያሳፍረኝ፣ ይኸው ነገር በራሴም የደረሰ መሆኑ ነው። በልጅነቴ ከገጠር ወደ አንድ የሚሲዮን አዳሪ ትምህርት ቤት በገባሁ ጊዜ፣ በበዓል ቀን በውሃ የተበረዘ ቀይ ጣፋጭ መጠጥ ሰጡን። እኔ እስከዚያ ድረስ የማውቀው ጣፋጭ መጠጥ፣ ማር በውሃ ተበጥብጦ የሚሠራው ብርዝ ብቻ ስለ ነበረ «የፈረንጅ ብርዝ» አልሁት። ጓደኞቼ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ በዚሁ ስም ሲጠሩኝ ቆዩ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ኀፍረት እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ። ነገር ግን ጠመኔው በእጄ በገባ ጊዜ ረሳሁት።

ከዚያ ወዲህ በፒያሳ ስመላለስ ሰው መጠጡን በምን ስም እንደሚጠራ ማዳመጥ ጀመርሁ። አራዳ የድሮው ትልቁ ገበያ የነበረበት ሰፈር ስለ ሆነ፣ ከየአገሩ የመጣ ሰው ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ቃሉንም ይዞ የገባበት ነው። ፒያሳ የሚለው ስም ራሱ ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው አደባባይ ነው፤ ማኪያቶውም ቶርታውም ያው ከዚያው ቋንቋ የተገኙ ናቸው። በአንድ ካፌ ውስጥ አንድ ሽማግሌ «አራንቻታ አምጣልኝ» ብለው ሲያዙ ሰማሁ። ወጣቱ አስተናጋጅ «አባባ፣ እሱ የለንም» አላቸው፤ ፋንታው ግን ከጀርባው ተደርድሮ ነበር። አራንቻታ በጣሊያንኛ የብርቱካን መጠጥ ማለት ነው። ቃሉ በአሥመራ ሰዎች አፍ የቆየ ነው፤ እዚያ ጋዝ ያለውንም ውሃ «ማይ ጋዝ» ይሉታል። እኒያ ሽማግሌ ፋራ አልነበሩም፤ እንዲያውም ከአስተናጋጁ ይልቅ የአራዳ ሰው እርሳቸው ነበሩ።

የንግድ ስምም እንዲሁ የሁሉ ስም ሆኖ ይቀራል። የኮካ ኮላ ፋብሪካ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1959 በአዲስ አበባ፣ በ1965 ደግሞ በድሬዳዋ ከተቋቋመ ወዲህ ጠርሙሱ ያልደረሰበት ገበያ ጥቂት ነው። ነገር ግን በገጠር መንገድ ስጓዝ ኮካውንም ፋንታውንም በአንድነት «ሚሪንዳ» የሚሉ ባለ ሱቆች አጋጥመውኛል። ጋዝ ያለው ውሃ የትም ይመረት የት በአፋችን «አምቦ» ነው። የአምቦ ከተማ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን «ሐገረ ሕይወት» ተብላ ነበር፤ የሕዝቡ አፍ ግን አምቦን አልለቀቀም። «ሃይላንድ» የአንድ የታሸገ ውሃ ስም ነበረ፤ አሁን ግን ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሁሉ ሃይላንድ ነው። በየመንገዱ ዳር «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ መኪና የሚከተሉ ሕፃናት ስሙ ከየት እንደ መጣ አያውቁም፤ ማወቅም አያስፈልጋቸውም።

ይህ በእኛ አገር ብቻ የሚታይ አይደለም። በአሜሪካ በሰሜን ምሥራቁ ክፍል «ሶዳ» የሚባለውን መጠጥ፣ በመካከለኛው ምዕራብ «ፖፕ» ይሉታል፤ በደቡቡ ደግሞ ብዙ ሰው ማንኛውንም ዓይነት «ኮክ» ብሎ ይጠራዋል። ሊቃውንቶቻቸውም የትኛው ቃል የት እንደሚነገር በካርታ ላይ አስፍረውታል።

አንባቢ ሆይ፣ እኔ «ለስላሳ» የሚለውን ቃል የምጠላ እንዳልመስልዎ። ቃሉ የእንግሊዝኛውን አጠራር ተከትሎ የተበጀ ቢሆንም፣ በአገራችን ቋንቋዎች ውስጥ በሚገባ ተዋሕዷል። ትግርኛው «ልስሉስ መስተ» ሲለው ኦሮምኛው «ዱጋቲ ለላፋ» ይለዋል፤ ሁሉም ያንኑ ልስላሴ በየራሱ ቃል ተናገረው እንጂ ቃል አልተበደረም። በፈተና ላይ፣ በጋዜጣ ላይ፣ ከማያውቁት ሰው ጋር ሲነጋገሩ ለሁሉ የሚገባ ቃል ያስፈልጋል፤ እኔም አስተምረዋለሁ። ነገር ግን ሰው ለስላሳ ሲል በሐሳቡ የሚመጣው ከፋብሪካ የወጣ ጠርሙስ ነው። ቀሪቦ፣ የወሎው ቡቅሪ፣ ብርዝ፣ እነዚህ ሁሉ የለስላሳ ሌላ ስሞች አይደሉም፤ ራሳቸውን የቻሉ ነገሮች ናቸው። አራንቻታና ፋንታ ስማቸው ቢለያይም መጠጡ አንድ ዓይነት ነው፤ ቀሪቦና ለስላሳ ግን መጠጡም ሁለት ነው። እኔ መምህሩ ይህን ልዩነት ሳላጣራ እርማት ሰጠሁ።

ነገሩን የሚያስቸኩለው ሌላም ምክንያት አለ። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ ዶሮ ማነቂያና አካባቢው በፈረሱ ጊዜ፣ በአንድ ግቢ ይኖሩ የነበሩ ጎረቤታሞች ወደየአቅጣጫው ሄደዋል። በፈረሰው ቤት ስፍራ ሌላ ይሠራል፤ መንገዱም ይሰፋል። ነገር ግን የጅማዋ ሴት ለወሎዋ ጎረቤቷ ቀሪቦ ስትልክ፣ ወሎዬዋም በበኩሏ ቡቅሪ ስትመልስ ልጆች ሁለቱንም ቃል ያለ መምህር ይማሩ ነበር። አሁን ይህን የሚያስተምር ግቢ ከሌለ፣ ሥራው በእኛ በመምህራን ላይ ይወድቃል።

ስለዚህ ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ መምህር የማያውቀው ቃል በተማሪ ደብተር ላይ ሲያጋጥመው ከመሰረዙ በፊት «ይህ ምንድን ነው? እንዴትስ ይሠራል?» ብሎ ይጠይቅ። ሁለተኛ፣ በየትምህርት ቤቱ አንድ መዝገብ ተከፍቶ፣ ተማሪዎች ከወላጆቻቸው የሰሙትን የመጠጥ፣ የምግብና የዕቃ ስም ከነአገሩ ይጻፉበት፤ መዝገቡም በዓመቱ መጨረሻ ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ ተመራማሪዎች ይላክ። ከሣቴ ብርሃን ተሰማ በ1951፣ ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. የታተሙትን መዝገበ ቃላት ሲያዘጋጁ የዛሬው መሣሪያ አልነበራቸውም። እኛ ግን በአንድ ክፍል ውስጥ ከየአገሩ የመጡ ስድሳ ልጆች ተቀምጠውልን እያለ አንጠይቃቸውም።

በእኔ በኩል ያደረግሁትን ልናገር። በማግሥቱ በተማሪዎቼ ሁሉ ፊት «ያረምሁት በስሕተት ነው» ብዬ «ቀሪቦ» የሚለውን ቃል በሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፍሁ። ልጁንም አሠራሩን እንዲያስረዳ ጠየቅሁት። መጀመሪያ ዝም አለ፤ በኋላ ቀስ ብሎ ተነሥቶ ገብሱን ከመቁላት ጀምሮ ተናገረ። ሲጨርስ፣ ያ «ፋራ» ብሎ የጮኸው ተማሪ እጁን አነሣና «ቲቸር፣ እኛ ቤት አያቴ ሌላ ስም አላት፤ ጠይቄ ልምጣ?» አለኝ። ጠይቆ እንዲመጣ ፈቀድሁለት። በአራዳ ልጅነት የሚመካ ሁሉ እንዲህ የማያውቀውን ቢጠይቅ፣ ስሙ ይበልጥ ያምርበታል።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
አራዳ፣ አዲስ አበባ