ቲማቲም ላይ የሚረጨው «መድኃኒት» እና የቤተሰብ ጤና

ከመቂ እስከ አዳሚ ቱሉ፣ በዝዋይ ሐይቅ ዙሪያ በመስኖ ብዙ ቲማቲምና ሽንኩርት ይመረታል። አርሶ አደሩ የሚረጨውን ኬሚካል «መድኃኒት» ይለዋል። ስሙ ያዘናጋል። በተለይ ፀረ ፈንገስ ሲሆን «ይህ ነፍሳት አይገድልም፣ ሰውንም አይጎዳም» ተብሎ ያለ ጓንት ይረጫል።

ለቲማቲም ከሚረጩት አንዱ ማንኮዜብ ነው፤ ብቻውን ወይም እንደ ሪዶሚል ባሉ ምርቶች ውስጥ ተቀላቅሎ ይሸጣል። ማንኮዜብ የሚሠራው በሽታው ሳይገባ ቅጠሉ ላይ ከተገኘ ነው፤ ስለዚህ በተለይ እርጥበት ሲኖር ደጋግሞ ይረጫል። ለጤና የሚያሳስበውም ይህ ድግግሞሽ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ የማንኮዜብን ፈቃድ ላለማደስ ወሰነ። ከምክንያቶቹ መካከል በፅንስ ላይ ሊያደርስ የሚችለው ጉዳትና የሆርሞን ሥርዓትን ማዛባቱ ይገኙበታል። በእኛ አገር ግን አሁንም በሥራ ላይ ነው። ይህ ማለት አንድ ቲማቲም የበላ ሰው ይታመማል ማለት አይደለም። የበለጠ የሚያሰጋው ለሚረጩት፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለሕፃናት ነው።

በቤት ውስጥ ማወቅ ያለብን አንድ ነገር አለ። ማንኮዜብ ሲሞቅ ኢቲሊን ታዮዩሪያ ወደሚባል ንጥረ ነገር ይለወጣል፤ ይህም የታይሮይድ ዕጢን ሥራ ያውካል። ማብሰል አያጠፋውም። ስለዚህ ቲማቲሙን ከመቁረጥዎና ከማብሰልዎ በፊት በሚፈስ ውኃ እያሹ ይጠቡት።

የሚረጭ ሰው ያለበት ቤተሰብ፦

• ጓንት፣ ረጅም እጅጌና የአፍ መሸፈኛ ይጠቀም፤ የሥራ ልብሱ ለብቻ ይታጠብ።
• በመለያ ወረቀቱ ላይ ከርጭት እስከ ለቀማ የተጻፈው የቀን ብዛት ይጠበቅ።
• ባዶ ዕቃው ለውኃም ለዘይትም አይዋል።
• ነፍሰ ጡር ሴት አትበጥብጥ፣ አትርጭ።

ማንኮዜብ በብዛት ቆዳን ያሳክካል፣ ዓይንና ጉሮሮን ያቃጥላል። ዓይን ውስጥ ከገባ ለ15 ደቂቃ በንጹሕ ውኃ ይጠቡ። ምራቅ መዝረብረብ፣ ላብ፣ የዓይን ብሌን መጥበብ ወይም የትንፋሽ ማጠር ከታየ ግን አብሮ የተበጠበጠ ፀረ ነፍሳት ሊኖር ይችላልና ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። የዋጠ ሰው ካለ አያስታውኩት።

ሲመጡ መለያውን ወይም ፎቶውን ይዘው ይምጡ። «መድኃኒት ረጨሁ» ብቻ ከተባልን የምንሰጠውን ሕክምና ለመምረጥ እንቸገራለን፤ ስሙን ካወቅን ግን ጊዜ አናባክንም።